ጀልባ ተገልብጦ ሰው ሲተርፍ
(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር)

ከእንጦጦ ግርጌና ከየካ ተራሮች ሥር የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ስለ ባሕር እሽቅድድም ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው። ነፋሱ ግን ሩቅ አይደለም። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አጎንብሶ የሚያስነሣው ነፋስ፥ በሌላው ዓለም ሸራ ወጥሮ ጀልባ ከሚነዳው ነፋስ ጋር አንድ ነው። በአህያ እንጨት ጭኖ ከተራራው ወደ ከተማ የሚወርድ ሰውም፥ ጭነት አንድ ጊዜ ወደ ጎን ካጋደለ ምን እንደሚያስከትል ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ የአንዲት የእሽቅድድም ጀልባን መገልበጥ ብናወሳላችሁ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ውድድሩ ረጅም ታሪክ አለው። በነሐሴ ወር 1843 ዓ.ም.፥ ማለት ካሣ ኃይሉ ገና ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ፥ «አሜሪካ» የተባለች ባለ ሸራ መርከብ ከኒው ዮርክ ተሻግራ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ዙሪያ በተደረገው እሽቅድድም የእንግሊዞቹን ጀልባዎች ቀደመች። ያገኘችውም የብር ዋንጫ «የአሜሪካ ዋንጫ» ተባለ፤ ስሙ የተወረሰው ከመርከቧ እንጂ ከአገሪቱ አይደለም። የኒው ዮርክ የጀልባ ክበብ ዋንጫውን 132 ዓመት ሙሉ ሳያስነጥቅ ከያዘ በኋላ፥ በመስከረም 1976 ዓ.ም. አውስትራልያውያን ወሰዱት።

የዛሬዋ ባለ ታሪካችን «ፓትሪየት» ትባላለች። ይህንኑ የኒው ዮርክ ክበብ ወክሎ ዋንጫውን ለማስመለስ የተነሣው «አሜሪካን ማጂክ» የተባለው ቡድን ጀልባ ነበረች። ርዝመቷ 23 ሜትር ያህል፥ የሸራዋ ምሰሶ ቁመት 26 ሜትር ተኩል፥ የምትይዘውም 11 ሰው ነበር። እንደ ቀድሞዎቹ የእሽቅድድም ጀልባዎች ከሥሯ ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ ብረት አልተደረገላትም። በእርሱ ፈንታ በግራና በቀኝ የሚነሡና የሚወርዱ ሁለት ክንፎች ነበሯት። ፍጥነት ስታገኝ በክንፏ ላይ ትቆምና አካሏ ከውኃው ተነሥቶ በአየር ላይ ይሄዳል። አካሏን የሚይዘው ውኃ ስለሌለም የዚህ ዓይነት ጀልባ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ዝግ ይላል፤ ነገር ግን ውኃው ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ፓትሪየት ግን የምትቆመው በቀጭን ክንፍ ላይ ስለ ነበረ፥ የፍጥነቷ ምሥጢር የአደጋዋም ምክንያት ነበር።

ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እዚህ ጧት ሆኖ ሕዝቡ ለማግሥቱ ከተራ ሲሰናዳ፥ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ከተማ ቀኑ ወደ ማምሸቱ ነበር። ፓትሪየት ከኢጣልያኖቹ ጀልባ ከ«ሉና ሮሳ» ጋር ትወዳደር ነበር። በዚያ ዙር አንድም ድል ያላገኘችው ጀልባ በዚህ ውድድር ግን ትመራ ነበር። መሪውን የያዘው ዲን ባርከር የመጨረሻውን መታጠፊያ ዞሮ ነፋሱን ከኋላው ሊያደርግ ሲል፥ ከዝናብ ደመና ጋር የመጣ ብርቱ ነፋስ መታቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሸራው ፈጥኖ መላላት አለበት። ነገር ግን ምሰሶውን ከኋላ ከሚወጥሩት ገመዶች አንዱ ስለ ያዘው ሸራው እንደሚፈለገው ሊላላ አልቻለም። ጭነት ሲያጋድል መጫኛው እምቢ ካለ፥ ጭነቱ አህያዋን ይዟት እንደሚወድቅ ያለ ነው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታ ብድግ አለችና በጎኗ ወደቀች። የግራ ጎኗ ተቀደደ፤ ውኃ ገባ፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያዋ ሁሉ ተበላሸ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ለመርዳት የመጡት የኦክላንድ ሹማምንትና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም። ተፎካካሪዎቹ የኢጣልያ፥ የእንግሊዝና የኒውዚላንድ ቡድኖች ጀልባዎቻቸውንና ሰዎቻቸውን አሰልፈው ፓትሪየት እንዳትሰጥም ተረባረቡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። በሸራው ሥር ለጥቂት ጊዜ የተያዘ ሰው ቢኖርም፥ 11ዱም በሕይወት ወጡ።

ይህ በዕድል ብቻ የሆነ አልነበረም። ከዚያ 8 ዓመት አስቀድሞ፥ ግንቦት 1 ቀን 2005 ዓ.ም. «አርቴሚስ» የተባለው ቡድን ጀልባ በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ በልምምድ ላይ ሳለ ተገልብጦ ተሰበረ። አንድሩ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ በስብርባሪው ሥር ተይዞ ሞተ። ይህ ሰው ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ባገኙበት በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ በጀልባ የወርቅ ሜዳልያ ተሸላሚ ነበር። ከሞቱ በኋላ የውድድሩ ኃላፊዎች 37 የጥንቃቄ ሐሳቦችን አቀረቡ። ውድድር የሚፈቀድበት የነፋስ ኃይል ልክ ተቀነሰ፤ የራስ ቁር፥ የደረት መከላከያና ከውኃ በታች የሚያስተነፍስ መሣሪያ እንዲያዝ ተባለ። በፓትሪየት ላይ ከነበሩት አንዱ ፖል ጉዲሰንም በዚያው በቤጂንግ ለእንግሊዝ ወርቅ ያገኘ ነበር። ከአንድ ኦሊምፒክ ቡድን ሁለቱ ባለ ወርቅ በሚገለበጥ ጀልባ ላይ ተገኙ፤ አንዱ ከመጠንቀቂያው ደንብ በፊት፥ ሌላው ከደንቡ በኋላ።

የጀልባዋስ ነገር? ሠራተኞቿ ሌሊትና ቀን ደክመው በ11 ቀን ጠገኗት፤ ጥር 20 ቀን ወደ ባሕር ተመለሰች። በጥር 21ና 22 ግን በሉና ሮሳ 4 ለ0 ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። ድካም ሁልጊዜ በድል አይከፈልም። በ2009 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ግንቦት 29 ቀን በቤርሙዳ የኒውዚላንድ ጀልባ ገና ከመነሻው በአፍንጫዋ ተደፍታ ተገለበጠች፤ በማግሥቱ ነፋሱ በርትቶ ውድድር ስላልነበረ ለጥገና ፋታ አገኙ፤ ሰኔ 1 ቀን ተመልሳ አሸነፈች፤ ሰኔ 19 ቀንም ዋንጫውን ወሰደች። አደጋው ተመሳሳይ ሲሆን ፍጻሜው ተለያየ።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ የአደጋን ታሪክ በዋንጫ ብቻ መመዘን አይገባም። ዋንጫው ለአንዱ ይደርሳል፤ ለሌላው ይቀራል። በሲምፕሰን ሞት ምክንያት የተጻፈው መጠንቀቂያ ግን አሸናፊውንም ተሸናፊውንም ይጠብቃል። በየመሥሪያ ቤታችን የምንጽፈውና የምንፈርምበት ደንብም እንዲሁ ነው። ሲጻፍ ደረቅ ወረቀት ይመስላል፤ በጎርፍ፥ በእሳት ወይም በመንገድ ላይ አደጋ በደረሰ ቀን ግን የሰው እስትንፋስ ይሆናል። በደንቡ የተረፈው ሰው የጻፈውን ላያውቀው ይችላል። ቢሆንም ጸሐፊው ሥራውን በጊዜው ጨርሶ መገኘት አለበት፤ ነፋሱ ከመጣ በኋላ ገመድ ለመፍታት ጊዜ አይገኝምና።