ትንፋሽ የሚለካው የአስም ምርመራ ከየት መጣ?

ሆጤ ላይ የጦሳ ብርድ ሲበረታ ልጅ ቢያስል «ብርድ መቶት ነው» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ናችሁ። ሳሉ ሌሊት እየተመላለሰ ደረቱ ሲር ሲር ካለ ግን አስም ሊሆን ይችላል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ድሮ በመኪና ጭስነቱ ነበር የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1991 የስዊድን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰውም ይህንን ጋዝ በጥቂቱ እንደሚተነፍስ አሳዩ። በ1993 ደግሞ በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች የአስም ሕመምተኞች ትንፋሽ ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ አገኙት። በአለርጂ የተቆጣ የአየር ቧንቧ ጋዙን አብዝቶ ያመርታልና። መርፌ የለ፣ ደም የለ፤ ልጁ ለጥቂት ሰከንዶች እፍ ይላል፣ አለቀ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከቢሊዮን 35 እጅ በላይ ከሆነ፣ የሚሳብ ስቴሮይድ ሊረዳው እንደሚችል ይጠቁማል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም፤ የአፍንጫ አለርጂም ከፍ ያደርገዋል። አለርጂና አስም አንድ አለመሆናቸውን ያሳየን ደግሞ የራሳችን ጅማ ነው። በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አገኘ። ለቤት አቧራ ተባይ አለርጂ መሆን ከተማ ውስጥ ከአስም ጋር ሲያያዝ፣ ገጠር ውስጥ አልተያያዘም! (እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።)

መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የለም። ስለዚህ ስትመጡ ሳሉ በስንት ሰዓት እንደሚብስ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ እንደሚያስነሳው፣ ከቤተሰብ አስም ያለበት እንዳለ ንገሩን። የታዘዘለትን ፓፍ ደግሞ ሳሉ ስለተወው ብቻ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ፤ ሱስ አያስይዝም።