በጂቡቲ ከተማ ወባን መልሳ ያመጣችው የእስያ ትንኝ እና እርሷን ለማጥፋት የተለቀቁት ወንድ ትንኞች

ጂቡቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በመላ አገሪቱ የመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር። ከስምንት ዓመታት በኋላ፣ በ2020፣ ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። የሕዝቧ ብዛት ከአንድ ሚሊዮን ብዙም በማይርቅ አገር፣ ይህ ለእያንዳንዱ 14 ነዋሪ ገደማ አንድ የወባ ሕመም ተመዘገበ እንደማለት ነው።

ወባን ከናካቴው ለማጥፋት ጫፍ ደርሳ የነበረች አገር በዚህ ፍጥነት ወደ ኋላ መመለሷ የዘርፉን ተመራማሪዎች አስደንግጧል። በከተማዋ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ረግረግም ሆነ የሩዝ እርሻ የላትም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር፦ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ምድር ታይታ የማታውቅ አንዲት የወባ ትንኝ በከተማዋ ተገኘች።

ትንኟ በሳይንሳዊ ስሟ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸችው እአአ በ1901 በሕንድ ሲሆን፣ ከፓኪስታንና ከኢራን እስከ ባሕረ ሰላጤው አገራት ድረስ በሚዘረጋው ቀጠና ለረጅም ዘመን የከተማ ወባ አስተላላፊ ሆና ኖራለች። በጂቡቲ ከተማ በ2012 ከተገኘች በኋላ በቀጣዩ ዓመት በዋና ከተማዋ በተከሰተው ወረርሽኝ ከ1,200 በላይ ሰዎች ታመሙ። በወቅቱ ከተያዙት ትንኞች መካከልም የወባ ጥገኛ ተሕዋስ የተገኘባቸው ነበሩ።

በርሜል ውስጥ የምትፈለፈል ወባ

በኢትዮጵያም ሆነ በአካባቢው አገራት ወባ በሰው አእምሮ ውስጥ የቆላ፣ የገጠርና የክረምት ማግስት በሽታ ነው። ለአጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ይፈራታል፤ ከተሜው ግን ብዙም አያስባትም። ይህ ግምት መሠረት የሌለው አልነበረም። አኖፌለስ አረቢየንሲስንና አኖፌለስ ጋምቢዬን የመሳሰሉት ነባር የአፍሪካ ወባ አስተላላፊዎች በአመዛኙ ዝናብ በሚተወው ኩሬና በእግር ዱካ ሳይቀር በሚጠራቀም ውኃ ይራባሉ፤ አስፋልትና ሲሚንቶ በበዛበት ቦታ ይቸገራሉ።

ስቴፈንሲ ግን የምትፈልገው ሰው ያጠራቀመውን ንጹሕ ውኃ ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ቦታ የውኃ ገንዳ፣ የጓሮ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ታንከር ሁሉ ይበቃታል። ስለዚህ ወቅት አትጠብቅም። እንዲያውም ውኃ ሲጠፋና ሰው ማጠራቀም ሲጀምር መራቢያዋ ይበዛል። ድርቅ ወባን ያስታግሳል የሚለው የቆየ እምነት እርሷ ባለችበት አይሠራም።

ጂቡቲ ከተማ ለዚህ ባሕርይ የተመቸች ናት። ወንዝ የሌላት፣ የከርሰ ምድር ውኃዋ ጨዋማነት የሚያጠቃው፣ ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሰፈረባት ከተማ ነች። በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሐዳጋላ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ተመርቆላታል። ሆኖም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሁሉ በርሜል አስፈላጊ የቤት ዕቃ ነው። በርሜሉን ማስወገድ ለነዋሪው ጥማት ነው፤ ክዳን አልባ ሆኖ ሲቀር ደግሞ ወባ ይሆናል። ጉዳዩ የጤና ሚኒስቴር ብቻ ሥራ ሊሆን ያልቻለውም ስለዚህ ነው።

ከወደብ ወደ ባቡር ጣቢያ

ትንኟ ወደ አፍሪካ እንዴት ገባች ለሚለው ጥያቄ ሚዛን የሚደፋው መልስ መርከብ ነው። የባሕር ንግድ መረጃን ከትንኟ ስርጭት ጋር ያነጻጸረ፣ በ2023 የታተመ ጥናት፣ በ2011 ትንኟ ካለችባቸው አገራት ጋር በመርከብ ከነበራቸው ትስስር አንጻር ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ሱዳንና ጂቡቲ እንደነበሩ አሳይቷል። ትንኟ ቀድማ የተገኘችውም በእነዚሁ አካባቢዎች ነው።

ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫም ተመሳሳይ ጉዞ መዝግቧል። አንዲት ገዳይ የአፍሪካ ወባ ትንኝ ከምዕራብ አፍሪካ አትላንቲክን ተሻግራ በ1930 በብራዚሏ ናታል ከተማ ተገኝታ ነበር። ከባድ ወረርሽኝ ካስከተለች በኋላ በ1940 ከብራዚል ሙሉ በሙሉ ጠፋች። ያ ውጤት የተገኘው ቤት ለቤትና ኩሬ ለኩሬ በተደረገ፣ ወታደራዊ ሊባል በሚችል ዘመቻ ነው። የስቴፈንሲ ነገር ይከብዳል፤ በአፍሪካ ከአንድ አገር ድንበር ካለፈች ዓመታት ተቆጥረዋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ግኝት በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። የነባር አፍሪካ ትንኞች መለያ መጻሕፍት ይህችን ዝርያ ስለማይጨምሩ ማንነቷን ለማረጋገጥ የዘረ መል ምርመራ አስፈልጓል። ከዚያ በኋላ በተደረገ አሰሳ በጎዴ፣ በደገሃቡር፣ በሰመራ፣ በድሬዳዋ፣ በአማራ ክልልም በባቲ ተገኝታለች። ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ኤርትራ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና እና ከቀይ ባሕር ማዶ የመንም በዝርዝሩ ገብተዋል።

ከሁሉም አሳማኝ ማስረጃ የተገኘው ከድሬዳዋ ነው። ከ120 ዓመታት በፊት ከጂቡቲ በተነሣው የባቡር ሐዲድ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ ዛሬም ከወደቡ ጋር በሐዲድና በመንገድ የተሳሰረች ናት። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት 2,425 የወባ ሕሙማን ተመዘገቡባት። በ2019 በተመሳሳይ ወራት የነበረው ቁጥር 205 ነው። ወረርሽኙ የተነሣውም ወባ በማይጠበቅበት የደረቅ ወቅት ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባልደረባ ፍጹም ታደሰ እና ባልደረቦቻቸው የሕሙማኑን ቤትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማደሪያ አካባቢ ፈትሸው፣ ከያዟቸው የጎለመሱ የወባ ትንኞች 97 በመቶው ስቴፈንሲ ሆነው አገኟቸው። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። ከዚያ በፊት ትንኟና ወባ በአንድ ቦታ መገኘታቸው ብቻ ይታወቅ ነበር፤ ይህ ጥናት ወረርሽኙን ከትንኟ ጋር በቀጥታ አያይዞታል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መዝግባለች። ይህን ሁሉ በአዲሷ ትንኝ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ነባሮቹ ትንኞች በሚነግሡባቸው የምዕራብ አካባቢዎች የሚኖሩ ናቸው፤ ግጭትና የጤና አገልግሎት መስተጓጎልም ድርሻ አላቸው።

ያልሠሩት መከላከያዎች

ለሃያ ዓመታት አፍሪካን የታደጉት የወባ መከላከያዎች ሌሊት፣ በቤት ውስጥ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ለሚናከሱ ትንኞች የታሰቡ ነበሩ። አጎበር ሰውን ይሸፍናል፤ በግድግዳ ላይ የተረጨ ኬሚካል ደም ጠጥታ የምታርፈውን ትንኝ ይገድላል። ስቴፈንሲ ከምሽት ጀምራ፣ ከቤት ውጭም ትናከሳለች፤ በከብት ጋጣና በሌሎች ጥላዎች ታርፋለች። በበረንዳ ለሚያመሽ የጂቡቲ ነዋሪ፣ ወይም ከተማዋ ዳር ፒኬ 12 ከመኪናው አጠገብ ለሚያርፍ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አጎበር የሚሰጠው ጥበቃ ከፊል ነው። በዚያ ላይ በጂቡቲም ሆነ በኢትዮጵያ የተመረመሩት ትንኞች አጎበር የሚነከርበትን ፓይሬትሮይድን ጨምሮ በርካታ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ተላምደዋል።

ሌላው ችግር ከትንኟ ሳይሆን ከጥገኛ ተሕዋሱ የመጣ ነው። በጤና ኬላዎች በጣት ደም ጠብታ የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምን የሚለየው ተሕዋሱ በሚያመነጨው ኤችአርፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያዝዘው ዘረ መል የጎደላቸው ተሕዋስያን በኤርትራ፣ በጂቡቲና በኢትዮጵያ ተበራክተዋል። ሕመምተኛው ወባ ይዞት ሳለ መመርመሪያው «የለም» ይላል። በኢትዮጵያ በአዋሳኝ አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አካትቶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ በፋልሲፓረም ከተያዙት ውስጥ አሥር በመቶ የሚጠጉት በዚህ ምክንያት በፈጣኑ መመርመሪያ እንደሚታለፉ ገምቷል። በጂቡቲ ከተማ ከተመረመሩ ናሙናዎች ደግሞ ጉድለቱ የታየው በአብዛኞቹ ላይ ነው። መፍትሔው በሌላ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ መመርመሪያ ወይም የቆየው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ግን የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

የአምቡሊ ሙከራ

ጂቡቲ ወደ ዘረ መል ምሕንድስና የዞረችው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ግንቦት 23 ቀን 2024 በዋና ከተማዋ ዳርቻ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በሚገኝበት አምቡሊ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘረ መላቸው የተለወጠ ወንድ የስቴፈንሲ ትንኞች ተለቀቁ። ሥራው የጂቡቲ መንግሥት፣ አሶሲያሲዮን ሙቱዋሊስ የተባለ አገር በቀል ድርጅት እና ኦክሲቴክ የተሰኘው የብሪታኒያ ኩባንያ ጥምረት ነው። ዘረ መሉ የተለወጠ ትንኝ በአፍሪካ ሲለቀቅ ከቡርኪና ፋሶ የ2019 ሙከራ በኋላ ይህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ለስቴፈንሲ ግን በየትኛውም አህጉር የመጀመሪያው ነው።

አሠራሩ በአንድ የተፈጥሮ ሐቅ ላይ ይቆማል፦ ሰው የምትናከሰው ሴቷ ብቻ ናት። እንቁላሏን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል፤ ወንዱ የአበባ ማርና የዕፅ ፈሳሽ ቀስሞ ይኖራል። የተለቀቁት ወንዶች ከአካባቢው ሴቶች ጋር ሲራቡ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ዘረ መል ሴት ልጆች ሳይጎለምሱ እንዲሞቱ ያደርጋል። ወንድ ልጆች ይተርፋሉ፤ ዘረ መሉንም ለቀጣዩ ትውልድ ያስተላልፋሉ። በየትውልዱ ግን ተሸካሚዎቹ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ መልቀቁ ከቆመ ዘረ መሉ ራሱ ከአካባቢው ይጠፋል። ኩባንያው ትንኞቹን በማርቢያ ውስጥ በሕይወት ለማቆየት ዘረ መሉን የሚያዳፍን መድኃኒት ይጠቀማል፤ በልዩ ብርሃን ሲታዩ የሚያበራ ምልክት ስላላቸውም ተመራማሪዎች ከሜዳ በተያዘ እጭ ላይ ሥራው ይዞ እንደሆነ መለየት ይችላሉ።

ይህ ዘዴ «ጂን ድራይቭ» ከሚባለው ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። በጂን ድራይቭ የገባው ዘረ መል ከግማሹ ልጅ ይልቅ ለሁሉም በሚባል ደረጃ ስለሚወረስ በትንኞቹ ዘር ሁሉ እየተስፋፋ ይሄዳል። በ2015 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በወባ ትንኝ ላይ ያሳዩት በዚችው በስቴፈንሲ ሲሆን፣ ዘረ መሉ ከ99 በመቶ በላይ ለሆኑት ልጆች ተላልፏል። ያ ሙከራ ከላቦራቶሪ አልወጣም። በአምቡሊ የተለቀቁት ከዚህ ዓይነት አይደሉም፤ የሁለቱ ልዩነት ለሕዝብ በግልጽ ካልተነገረ የሚነሣው ፍርሃት አግባብ ነው። በቡርኪና ፋሶ መንግሥት ነሐሴ 2025 ላይ በአገሪቱ የነበረውን የዘረ መል ትንኝ ፕሮጀክት ማስቆሙ፣ ሳይንሱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የዘዴው ጥንካሬ ድክመቱም ነው። አንድን ዝርያ ብቻ ስለሚነካ ንብንና ሌሎች ነፍሳትን አይጎዳም፤ ነገር ግን በዚያው ሠፈር ያለችውን አረቢየንሲስ አይነካትም። ራሱን ስለሚያጠፋ ስጋት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በየጊዜው አርብቶ መልቀቅን፣ ያም ፋብሪካና ገንዘብ ይጠይቃል። ጂቡቲ ብቻዋን ትንኟን ብታጠፋ እንኳ፣ በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚገቡት መኪኖችና ከእስያ የሚመጡት መርከቦች እንደገና ሊያስገቧት ይችላሉ።

የሕንድ ልምድ ሌላ መንገድ ያሳያል። የዛሬዋ ሙምባይ፣ የያኔዋ ቦምቤይ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚችው ትንኝ ስትታመስ በ1911 የቀረበ ጥናት መራቢያው የከተማዋ ጉድጓዶች መሆናቸውን አመለከተ። ከተማዋ ጉድጓዶችን በመድፈን፣ የጣሪያ ታንከሮች ትንኝ እንዳያስገቡ ሆነው እንዲዘጉ በሕግ በማስገደድና ተቆጣጣሪ በማሰማራት ወባን አዳከመች። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ዜና አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2022 በአፍሪካ ስቴፈንሲን ለመግታት በጀመረው ዕቅድም ክትትልና የመረጃ ልውውጥ ቀዳሚ ቦታ አላቸው። በአሜሪካ የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ነዋሪዎች በስልካቸው ካነሡት የእጭ ፎቶግራፍ ስቴፈንሲን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የመለየት ሥራ ላይ ናቸው።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራና በ2020 የታተመ ጥናት፣ ትንኟ በአፍሪካ ለኑሮ ወደሚስማሟት ከተሞች ሁሉ ብትዛመት ተጨማሪ 126 ሚሊዮን ሰዎች ለወባ ሊጋለጡ እንደሚችሉ አስልቷል። የአምቡሊው ሙከራ ከዚህ ስጋት አንጻር ገና ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዘረ መላቸው ለተለወጡ ትንኞች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከላቦራቶሪ ወደ አነስተኛ የመስክ ልቀት፣ ከዚያም የትንኝ መቀነስ ብቻ ሳይሆን የሕሙማን ቁጥር ወደሚለካበት ሰፊ ሙከራ በደረጃ መሄድ ያስፈልጋል። እስከዚያው በጂቡቲም ሆነ በድሬዳዋ ያሉት የመከላከያ ሠራተኞች መሣሪያ በውኃ ላይ የሚጨመር ፀረ እጭ፣ የበርሜል ክዳንና የቤት ለቤት ጉብኝት ነው።