ሙቀትና የሩቅ ተኩስ፤ ከጥቍር ባሩድ እስከ ጢስ አልባ ባሩድ

ስለ ጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የጠመንጃን ነገር ሲያነሡ፥ ብዙውን ጊዜ ከመመሪያ መጽሐፍ የተገኘውን የርቀት ቍጥር ወስደው «ይህ መሣሪያ እስከዚህ ድረስ ይመታል» ብለው ያልፋሉ። ያ ቍጥር ግን የተለካው በአንድ በታወቀ ስፍራና በአንድ በታወቀ አየር ነው። ሙቀቱ ሲለወጥ ጥይቱ የሚያርፍበትም ቦታ ይለወጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንፈልገው፥ የሙቀት ነገር በተኳሾች ሒሳብ ውስጥ መቼና በምን ምክንያት እንደ ገባ ነው። አሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፥ ሙቀትን የጠመንጃ ተኳሽ ጉዳይ ያደረገው ከአየሩ ይልቅ የባሩዱ መለወጥ ነው እንላለን። (ዘመኑን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ ዓ.ም. ካልን ግን የኢትዮጵያ ነው።)

የአየሩ ነገር ቀድሞ ታውቆ ነበር። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ስለ አተኳኰስ ሕግ መጽሐፍ አሳተመ። ይኸው ሰው ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ከባድ እንጨት ላይ እየተኰሰ፥ እንጨቱ ወደ ኋላ የሄደበትን መጠን በመለካት የጥይቱን ፍጥነት አስልቶ ደረሰበት። በሰከንድ 518 ሜትር ገደማ የሚበር እርሳስ አየር በሌለበት በ45 ዲግሪ ቢተኰስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በሄደ ነበር፤ በእውነቱ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቀረውን ኀይል የሚበላው አየሩ ነው። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር መጽሐፉን በ1745 ወደ ጀርመንኛ መልሶታል።

አየር ሲሞቅ ይሳሳል፥ ሲበርድ ይወፍራል። ግፊቱ እኩል ሆኖ ሙቀቱ ከ0 ወደ 30 ሳንቲግራድ ቢወጣ፥ አየሩ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይሳሳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሆነው የፊንላንድ የ1939 እና የ1940 ክረምት ብርድ ደግሞ፥ 20 ዲግሪ ከሆነ አየር ይልቅ በሩብ ያህል የወፈረ ነው። እንግዲህ በሙቀት ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያርፋል፥ በብርድ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከሮቢንስ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የጠመንጃ ተኳሽ ይህን ዕውቀት አልፈለገውም። አፈሙዙ ልሙጥ የሆነው ጠመንጃ በ100 ሜትር እንኳ አንድን ሰው ለመምታት የማያስተማምን ስለ ነበረ፥ የአየሩ መሳሳት የሚያመጣው ልዩነት ከስሕተቱ ብዛት ውስጥ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ጠመዝማዛ ቦይ ያለው አፈሙዝ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። በ1874 በኒው ዮርክ አጠገብ በክሪድሙር የአሜሪካና የአየርላንድ ተኳሾች በ800፥ በ900 እና በ1,000 ያርድ ተወዳድረው አሜሪካውያን 934 ለ931 አሸነፉ። ሦስት ነጥብ ብቻ! ሆኖም ባሩዱ ገና ጥቍር ባሩድ ነበረ። የጥቍር ባሩድ አነዳደድ በሙቀት ብዙም አይለወጥም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ሙቀት የሚጐዳው በሌላ በኩል ነው፤ በደረቅ ቀን በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ይጠጥራል። ስለዚህም አንዳንድ ተኳሽ ከአንድ ተኩስ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ እስትንፋሱን እፍ እያለ ጥላሸቱን ያለሰልስ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ስለ ሙቀት የነበረው ዘዴ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ለውጡ የመጣው በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጢስ አልባ ባሩድ ሲሠራ ነው። በ1886 የለበል ጠመንጃ ወጣ፤ በ1889 እንግሊዞቹ ኤብልና ዲዋር ኮርዳይት የተባለውን አዘጋጁ። ከኮርዳይቱ መቶ እጅ 58ቱ ናይትሮግሊሰሪን፥ 37ቱ በአሲድ የተዘጋጀ ጥጥ፥ 5ቱ ቫዝሊን ነበር። ይህ ባሩድ አስቀድሞ የሞቀ እንደ ሆነ ፈጥኖ ይነድዳል፥ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፥ ጥይቱም ፈጥኖ ይወጣል። በአንድ ሳንቲግራድ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ቢጨምር እንኳ፥ የ30 ዲግሪ ልዩነት 15 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በአንድ ሺህ ሜትር ርቀት ይህ ብቻውን በግምት የግማሽ ሜትር ልዩነት ያመጣል። የአየሩ መሳሳት የሚያመጣው ሲጨመርበት (ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚገፉት) አንድን ሰው በራሱ ላይ አሳልፎ ለመሳት ይበቃል። ከዚህም ሌላ አዲሱ ባሩድ ፍጥነቱ ከተኩስ ወደ ተኩስ የተስተካከለ ስለ ሆነ፥ ቀድሞ ተደብቆ የነበረው የአየሩ ጥፋትም በዒላማው ላይ በግልጥ ይታይ ጀመር።

ይህን ወደ አገራችን ታሪክ ስናመጣው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ እግረኛ፥ አዲሱ የ1891 ጠመንጃ ሳለ፥ የያዘው በአብዛኛው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። በእኛ ወገን ውጅግራ (ስሙ ፊዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው)፥ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች የተማረከ ሬሚንግቶን፥ ሌላም ብዙ ዓይነት ነበር። የሁለቱም ወገን ማነጣጠሪያ ምልክት የተቀረጸው ለፈረንጅ አገር አየር ነው። ዓድዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የንጋቱና የቀትሩ ሙቀት አንድ አይደለም። ስለዚህ በሩቅ የተተኰሰው ጥይት በራስ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር ማለት ትክክል ነው። ከዚህ ተነሥቶ አየሩ ጦርነቱን ወሰነ የሚል ቢኖር ግን አንቀበለውም። በ200 ሜትር ርቀት ልዩነቱ የጥቂት ሳንቲሜትር ነገር ነውና፥ ጨበጣ የቀረበ ሠራዊት ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። አየሩም ለሁለቱም ወገን አንድ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ይገርማል። ሙቀትን በእውነት ማስላት የጀመረው ጠመንጃ ሳይሆን መድፍ ነው። በ1916 እንግሊዞች በሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጐን የነበረውን የሩቅ ማነጣጠሪያ አስቀሩት፤ በጦር ሜዳ የሚጠቀምበት አልተገኘምና። በኅዳር 1917 ግን በካምብሬ መድፈኞቹ የሙከራ ተኩስ ሳይተኵሱ፥ የአየሩን ሁኔታ ከሚለኩት ሰዎች ተቀብለው በማስላት ብቻ በድንገት ተኵሰዋል። ወደ ጠመንጃ የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ዛሬ የሩቅ ዒላማ ተኳሾች የአየሩን ሙቀትና ግፊት በእጅ በሚያዝ ትንሽ መለኪያ ያነባሉ፤ ጥይታቸውንም በጥላ ያኖራሉ፥ በጋለ ጠመንጃ ውስጥም ጐርሶ ብዙ እንዲቈይ አይተዉትም።