ላጲስ የበላው ፊት

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የሳሎኔ ጠረጴዛ በጭንቅላት ይሞላል። የምትስለው ማንጋ ነው፤ ጃፓኖች በሥዕል የሚተርኩትን ታሪክ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ክብ ትሠራለች፤ ክቡን በቁምና በአግድም መስመር ትከፍለዋለች፤ ከሥሩ አገጭ ትቀጥልለታለች። ከዚያ ከአግድሙ መስመር ዝቅ አድርጋ ሁለት ዓይን፣ ያውም ስኒ ስኒ የሚያካክሉ!

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የአስተማሪነት አመሌ ተነሳብኝ። «የሰው ዓይን ያለው ከአናቱ እስከ አገጩ እኩሌታው ላይ ነው። ይሄ መጠን የሌለው ነገር ነው። ደግሞስ ጃፓኖቹ ፈረንጅ ለመምሰል ያመጡት አይደል?» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ላጲሷን አንስታ ፊቱን አጠፋችው። በሳምንቱ ስትመጣ ደብተሯን አልያዘችም።

ምን ልበላችሁ፣ ያ ባዶ ጠረጴዛ አላስቀምጥ አለኝ። እንደ ልማዴ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሳላውቅ መፍረዴ የገባኝ ያኔ ነው።

ሥዕልን ከክብ መጀመር የዛሬ ልጆች ፈሊጥ አይደለም። ታላቁ ሠዓሊ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የሥዕል መማሪያ፣ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ምን ያህል ነገር መሳል እንደሚቻል አሳይቷል። «ማንጋ» የሚል ስም የያዘው የንድፎቹ ስብስብ የመጀመሪያ ቅጽም በ1814 ታተመ።

ትልልቆቹ ዓይኖችስ? አብዝቶ የሚነሳው ስም ኦሳሙ ቴዙካ ነው። ሰውየው ሕክምና ተምሯል፤ የራስ ቅል ልኬት ጠፍቶት አይደለም። የዋልት ዲዝኒን ፊልሞች ይወድ ስለነበር «ፈረንጅ» ማለቴ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን የመጣው ከገዛ አገሩ ነው። ቴዙካ ባደገባት በታካራዙካ ከተማ፣ ከ1914 ጀምሮ የወንዱንም ገጸ ባሕርይ ሴቶች የሚጫወቱበት ሙዚቃዊ ቲያትር አለ። ተዋናዮቹ ከሩቅ እንዲታዩ ዓይናቸውን አጉልተው ይኳላሉ። በ1953 የጀመረው የልጃገረዶች ታሪክ፣ «ሪቦን ኖ ኪሺ»፣ ከዚህ መድረክ ብዙ ወስዷል። ከእሱም በፊት በ1930ዎቹ ጁኒቺ ናካሃራ ዓይናማ ልጃገረዶችን ለመጽሔት ይስል ነበር።

የዓይኑ መተለቅ እንግዲህ ስሜትን ለመናገር ነው። ዝቅ ማለቱም የሕፃን ፊት ልኬት ነው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫና አፉ ትንሽ። ገጸ ባሕርይው ጎልማሳ ሲሆን ፊቱ ይረዝማል፣ ዓይኑ ይጠባል። ልኬት አለው ማለት ነው፤ የእኔ ልኬት አይደለም እንጂ።

የሚገርመው፣ እኔ ራሴ ያደግሁት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ነው። በዚያ ባህል ጻድቁ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያየናል፤ ክፉው ብዙውን ጊዜ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። እሱን «መጠን የለውም» ብዬ አላውቅም። ለተማሪዎቼም ግጥም ሳስተምር፣ ቤት መምታትና ምጣኔ ከዕለት ንግግር ስለተለዩ ስህተት አይደሉም እያልኩ ስንት ዓመት ለፍልፌያለሁ! ለራሴ እህት ልጅ ሲሆን ምን ነካኝ?

ባለፈው ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ክብ ሠራሁ፤ በመስመር ከፈልኩት፤ ዓይኖቹን አስቀመጥኩ። አጎንብሳ አየችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የግራው ከፍ ብሏል» አለችኝ።

ላጲሱን አቀበለችኝ።