«መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ ቤት ትገባለህ»፦ ሱስ፣ ጎዳና እና የአንድ አሮጌ ሆቴል ታሪክ



ከወላጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ ሱሱን አላቆም ብሎኛል። ከቤት ላስወጣው? ጎዳና ሲያየው ይማር ይሆን?» ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጨካኝ አይደለም፤ ብዙ ሞክሮ የደከመው ነው። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆቴሎቹ ሰፈር

ቦታው በምዕራብ ካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ ዳውንታውን ኢስትሳይድ የሚባል ሰፈር ነው። ቀድሞ የእንጨት ቆራጮችና የወደብ ሠራተኞች ማረፊያ ነበር። እነሱ ያድሩባቸው የነበሩት ርካሽ ሆቴሎች ውለው አድረው የድሆች ቋሚ መኖሪያ ሆኑ፤ ለአንድ ሰው አንድ ጠባብ ክፍል፣ መጸዳጃው የጋራ።

በ1986 ከተማዋ ኤክስፖ 86 የተባለውን ዓለም አቀፍ ትርኢት ስታዘጋጅ፣ የሆቴል ባለቤቶች ክፍሎቹን ለእንግዶች ለማከራየት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አስወጡ። ለአሥርት ዓመታት በአንድ ክፍል የኖሩ አንድ ጡረተኛ እንጨት ቆራጭ ከተባረሩ ከሳምንታት በኋላ ሞቱ። በዚያው ዘመን የአካባቢው ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎቹን ቁጥር እየቀነሰ ስለነበር፣ ከዚያ ከወጡት ብዙዎቹ መጠጊያ ያገኙት በዚሁ ሰፈር ነው። ሄሮይንና ኮኬይንም እዚያው ነበሩ።

«ማንንም አናባርርም»

በ1991 የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ፖርትላንድ ሆቴል የተባለውን አሮጌ ሕንጻ ተረከበ። ቤቱን እንድትመራ የተቀጠረችው ሊዝ ኢቫንስ የተባለች ወጣት ነርስ ነበረች። ሥራው በ1993 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ።

በዚያ ጊዜ የተለመደው ደንብ «መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ ቤት ትገባለህ» የሚል ነበር። ዕፅ የተገኘበት፣ የጮኸ፣ ኪራይ ያሳለፈ ይባረራል። ነርሷና ባልደረቦቿ ደንቡን ገለበጡት። ከየቤቱ የተባረሩትን፣ ማንም የማይቀበላቸውን ሰዎች አስገቡ። ዕፅ መጠቀም ብቻውን ከቤት አያስወጣም አሉ። ንጹሕ መርፌ ሰጡ፤ ቁስል አጠቡ፤ ሐኪም ወደ ሆቴሉ አመጡ። በሱስ ላይ በጻፋቸው መጻሕፍት የሚታወቀው ዶክተር ጋቦር ማቴም እዚያ ለዓመታት ሠርቷል።

ይህ አካሄድ በሕክምና ቋንቋ «ጉዳት ቅነሳ» ይባላል። ሰውየው ዛሬ ማቆም ካልቻለ፣ እስኪያቆም ድረስ በሕይወት እንዲቆይ፣ በኤችአይቪ እንዳይያዝ፣ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ማለት ነው። በ1992 በኒውዮርክ ሳም ሴምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያም «ቤት ይቅደም» የሚለውን ሥራ ጀመረ። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የጎዳና ሰዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ ቤት ሲያስገባ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 88 በመቶዎቹ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። በተለመደው መንገድ ከሄዱት ግን 47 በመቶ ብቻ።

ሰፈሩ ሲያለቅስ

የቫንኩቨር መከራ ግን ገና አላበቃም ነበር። በ1993 በክፍለ ግዛቷ ከ300 በላይ ሰዎች ከመጠን ያለፈ ዕፅ ወስደው ሞቱ። ኮኬይን በመርፌ የሚወስድ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚወጋ መርፌ መዋዋስ በዛ፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲም አብረው ተዛመቱ። በ1997 የከተማዋ የጤና ቦርድ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። በዚያው ዓመት ነዋሪዎች በሰፈሩ መናፈሻ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ አንድ ሺህ መስቀል ተከሉ።

በመስከረም 2003 ይኸው የሆቴሉ ድርጅት ከጤና ባለሥልጣኑ ጋር ኢንሳይት የተባለ ማዕከል ከፈተ። ሰዎች ይዘውት የመጡትን ዕፅ ነርስ እያየቻቸው፣ በንጹሕ መርፌ የሚወስዱበት ቦታ ነው። በ2007 ከላዩ ባለው ፎቅ ማቆም ለሚፈልጉ የሕክምና ክፍሎች ተከፈቱለት። መንግሥት ሊዘጋው ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ እንዲቀጥል ወሰነ። በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በማዕከሉ 500 ሜትር ዙሪያ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሚመጣ ሞት በ35 በመቶ መቀነሱን አሳየ፤ በቀረው የከተማዋ ክፍል የቀነሰው 9 በመቶ ያህል ነበር።

በመጠጥስ?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል፣ በታኅሣሥ 2005 ለ75 የጎዳና ሰዎች የሚሆን ሕንጻ ተከፈተ። ሁሉም ከባድ የአልኮል ሱስ የያዛቸው ነበሩ፤ በክፍላቸው መጠጣትም አልተከለከለም። «በግብር ከፋይ ገንዘብ ሰካራም ይቀለባል» የሚል ቁጣ ተነሣ። በ2009 የወጣው ጥናት ግን፣ ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት ለሆስፒታል፣ ለእስር ቤትና ለመሳሰለው በሰው በወር 4,066 ዶላር ይወጣ የነበረው ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 958 ዶላር መውረዱን አሳየ። የሚጠጡት መጠንም «ጠጡ» ስለተባሉ አልጨመረም፤ እያደር ቀነሰ።

ቤት ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ፌንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ ዕፅ ገበያውን ከያዘ በኋላ፣ በ2016 ቫንኩቨር ያለችበት ክፍለ ግዛት እንደገና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀች። ከሞቱት ብዙዎቹ የሞቱት መንገድ ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ብቻቸውን ሆነው ነው። በሩ ዝግ ስለነበር ማንም አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ቤት የሚያድነው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሲኖር ነው።

ወደ ወላጆች ጥያቄ ስመለስ

ሱስ ሕመም ነው። ጎዳና ደግሞ ሕመሙን አያስተምርም፤ ብርድ፣ ጥቃት፣ ኤችአይቪና ብቸኝነት ይጨምርበታል። ስለዚህ መልሴ «ተስፋ ስለቆረጡ ብቻ አያስወጡት» ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉንም ይታገሡ ማለት አይደለም።

• ድንበር ያብጁ። ገንዘብ አለመስጠትና ከቤት ማባረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምግብና አልጋ ሳይከለክሉ ብር መከልከል ይቻላል።

• ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት፣ ደኅንነት ይቀድማል። ሆኖም ወደ ጎዳና ሳይሆን ወደ ዘመድ ወይም ወደ ሕክምና የሚሄድበትን መንገድ ይፈልጉ።

• ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት እንዲያቆም አያስገድዱ። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። በሐኪም ክትትል ያቁም።

• ሄሮይን፣ ትራማዶል ወይም ሌላ የዚህ ወገን መድኃኒት የወሰደ ሰው ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ «ይተኛ» ብለው አይተዉት። በጎኑ አስተኝተው ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ናሎክሶን የተባለውን ማርከሻ በቤታችሁ አኑሩ።

• አገር ቤት ላላችሁ፣ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና አለ። ልጁ እምቢ ቢል እንኳ ወላጅ ብቻውን ሄዶ መማከር ይችላል።

የፖርትላንድ ሆቴል ነዋሪዎች ሁሉም አልዳኑም። ብዙዎቹ ግን ዓመት ጨመሩ፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አገኙ። ልጅዎ ዛሬ ባያቆም ነገ ሊያቆም ይችላል፤ እስከዚያ በሕይወት መቆየት አለበት። ዛሬ ማታ በሩን ያንኳኩለት።