ፍሎሪዳ ከ1977 እስከ 2015፦ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አባቶች ልጆች በፍርሃትና በመዝገብ መካከል

ጁን 7 ቀን 1977 (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን) በፍሎሪዳ የዴድ ካውንቲ ነዋሪዎች፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ከአድልዎ ይጠብቅ የነበረውን የአካባቢ ደንብ በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ሻሩ። በማግስቱ አገረ ገዥው ሩቢን አስኪው ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ። የደንቡ ተቃዋሚዎች መሪ ዘፋኟ አኒታ ብራያንት ስትሆን፣ ንቅናቄዋ «ልጆቻችንን አድኑ» ይባል ነበር። ከቀኑ መቀራረብ ተነሥቶ ሕጉን የድምፁ ውጤት ወለደው ማለት ይቀልላል፤ ሕግ አውጪው ረቂቁን ያጸደቀው ግን አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሁለቱ ከአንድ ፍርሃት የመነጩ ናቸው ብንል ለመዝገቡ እንቀርባለን።

ፍርሃቱም አንድ ወጥ አልነበረም። ብራያንት፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መውለድ ስለማይችሉ የሰውን ልጅ እየመለመሉ ይበዛሉ ስትል ትሰብክ ነበር። ፍርድ ቤቶች ደግሞ ሌላ ሥጋት ነበራቸው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 አንድን አባት ልጁን የማሳደግ መብት ሲነፍገው፣ ኅብረተሰቡ በልጅቱ ላይ የሚያወርደውን ውግዘት ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ይህ ሥጋት ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነበር አንልም፤ ፍሬድሪክ ቦዜት በ1980ዎቹ ያጠናቸው ልጆች ጓደኛ ወደ ቤት ባለማምጣት፣ የአባታቸውንም ነገር በመደበቅ ራሳቸውን ከመገለል ይጠብቁ እንደነበር ጽፏልና። ይሁን እንጂ ልጁን የሚያሸማቅቀው የጎረቤትና የትምህርት ቤት አንደበት ሆኖ ሳለ ቅጣቱን በአባትየው ላይ የጣለው ብይን፣ በእኛ ሚዛን ፍትሕ የጎደለው ነው።

ስለ ምልመላው ክስ በ1995 ማይክል ቤይሊና ባልደረቦቹ 55 አባቶችን ስለ 82 ወንዶች ልጆቻቸው ጠየቁ። ዝንባሌያቸው ሊታወቅ ከቻሉት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተቃራኒ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ከአባት ጋር የኖሩበት ዘመን ርዝመትም ለውጥ አላሳየም። አባቶቹ በጋዜጣ ማስታወቂያ የተገኙ በመሆናቸው መላውን ሕዝብ ይወክላሉ ለማለት አንደፍርም፤ ቢሆንም የብራያንት ክስ ይህን ያህል ማስረጃ እንኳ አቅርቦ አያውቅም። በ2012 የታተመው የማርክ ረግነረስ ጥናት ተቃራኒውን የሚናገር ይመስላል። ወደ 3,000 ከሚጠጉት ተጠያቂዎቹ ውስጥ አባታችን ከወንድ ጋር ግንኙነት ነበረው ያሉት 73 ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ያደጉት በአባታቸውና በወንድ አጋሩ ቤት ሳይሆን ወላጆች በተለያዩበት ቤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ትዳር መፍረስ ነው ወይስ ስለ አባትየው ዝንባሌ፣ ከጥናቱ መለየት አይቻልም። በ2014 የሚሺጋን ፌዴራል ዳኛ በርናርድ ፍሪድማን የአጥኚውን ምስክርነት አልተቀበሉትም።

ወደ ፍሎሪዳ ስንመለስ፣ ነገሩን የሚያወሳስበው የግዛቲቱ የራሷ አድራጎት ነው። ሕጉ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ከጉዲፈቻ ቢያግድም፣ ያው መንግሥት ወላጅ የሌላቸውንና የተጎዱ ልጆችን በጊዜያዊ ማደጎ ይሰጣቸው ነበር። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2004፣ ልጅ እናትና አባት ባሉበት ትዳር ቢያድግ ይሻላል የሚለውን የግዛቲቱን መከራከሪያ ተቀብሎ እገዳውን አጸናው፤ ያላገቡ ሰዎች ግን በዚያችው ግዛት በጉዲፈቻ ይወስዱ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የማያሚ አካባቢ ነዋሪ ለሆነ አንድ ሰው የ4 ዓመትና የ4 ወር ዕድሜ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች በማደጎ ተሰጡት። በጉዲፈቻ ሊወስዳቸው ሲጠይቅ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛ ሲንዲ ሌደርማን በ2008፣ የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2010 እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በክርክሩ ላይ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጥሩ ወላጆች መሆናቸውን የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ራሱ አምኗል፤ ይህን እያመነም እገዳውን ተሟግቶለታል። ሕጉ ከፍሎሪዳ የሕግ መጽሐፍ የተፋቀው በ2015 ነው።