ከካቴናው ጋር የሚመጣ ግዴታ

ፖሊስ ተኩሶ ያቆሰለውን ተጠርጣሪ ማሳከም አለበት? ዛሬ ጥያቄው ራሱ የሚያስገርም ይመስላል። በአሜሪካ ግን ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በሆስፒታል ሂሳብ ጭቅጭቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978 በማሳቹሴትስ ግዛት የሪቪር ከተማ ፖሊሶች፣ ቤት ሰብሮ የገባ ሰው አለ የሚል ጥቆማ ደርሷቸው ይሄዳሉ። ተጠርጣሪው ሊያመልጥ ሲሮጥ ተኩሰው አቆሰሉት። አምቡላንስ ጠርተውም ቦስተን ወደሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ላኩት። ሆስፒታሉ ሰውየውን አክሞ ወደ 8 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ሂሳብ ከተማዋን ጠየቀ። ከተማዋ አልከፍልም አለች።

በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲወስን፣ ማን ይክፈል የሚለውን ለግዛቱ ሕግ ተወው። አንድ ነገር ግን አጸና፦ ፖሊስ ሲይዘው የተጎዳ ሰው እንዲታከም ማድረግ የመንግሥት ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያው ፍርድ ቤት በ1989፣ መንግሥት በጠቅላላው ዜጎችን ከሌላ ሰው ጥቃት የመጠበቅ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ የለበትም ብሏል። ነገሩ የሚለወጠው ሰው በቁጥጥር ሥር ሲውል ነው። ካቴና የገባለት ሰው ታክሲ ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ወንድሙን ድረስልኝ ማለት አይችልም። ነጻነቱን የወሰደበት አካል ሕይወቱንም ተረክቧል።

ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ በካቴና ታስሮ፣ በሆዱ ተደፍቶ፣ የፖሊስ ጉልበት አንገቱ ላይ ሆኖ መተንፈስ አቃተው። አንዱ ፖሊስ የልብ ምቱን ፈልጎ አጣ። ሌላው በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ጠየቀ። ያዞረው ግን የለም። በፌብሩዋሪ 2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ አብረው የነበሩትን ሦስት ፖሊሶች ጥፋተኛ አላቸው። ሦስቱም የተጋሩት ጥፋት የሕክምና እርዳታ መንፈግ ነበር። እናዙረው ወይ ብሎ የጠየቀው ፖሊስ እንኳ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። መጠየቁ አላዳነውም።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575፣ ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ የተወን ማንኛውንም ሰው ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ፣ ወይም የመርዳት የሙያ ግዴታ ካለበት ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በወረቀት ላይ ከአሜሪካው ይሰፋል፤ መንገደኛውንም ይጨምራልና።

የሚኒያፖሊሱ ክስ ግን በወረቀት ብቻ አልቆመም። አላፊ አግዳሚው በስልኩ ቀረጸ፣ ምስክሮች ቀረቡ፣ ዐቃቤ ሕግም ባልደረቦቹን ጭምር ከሰሰ። ስለዚህ «በፖሊስ ቁጥጥር ሥር እያለ ሞተ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ ከሁሉ በፊት ሁለት ሰዓቶች ጠይቁ፦ መታመሙ የታወቀው ስንት ሰዓት ነው? ሐኪም የተጠራለትስ?